የሙሽራዋ መኪና ስፒከር

የመኪና በር ሽፋን ሲነቀል «ቀጭ!» የሚል ድምፅ አለ አይደል? እሱን ስሰማ ዛሬም የኢንሶስላ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል።

ወሎ፣ መርሳ ከተማ ነው፤ የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ በወርሃ ጥር። ታላቅ እህቴ ሐራ ከተማ ልትዳር ነው። ሙሽራው ቴፕ ያላት ታክሲ ከወልድያ ተከራይቶ ላከ፤ ስፒከሯ ግን ተቀዶ እንደ ታመመ ፍየል ይንፋረቃል። ሾፌሩ አዲስ ስፒከር ከደሴ ገዝቷል፤ የሚገጥምለት ነው ያጣው። ማን ይግጠመው? እኔ ነኛ! ማንም ሳያስተምረኝ የመርሳን ሬዲዮ ሁሉ ፈትቻለሁ። ግማሹንም መልሼ ገጥሜያለሁ።

«በሯን ብትቧጥጥብኝ ቆዳህን እልጠዋለሁ!» አለኝ ሾፌሩ።

ቀለሙ እንዳይፋቅ በእናቴ የቀንድ ማንኪያ ሽፋኑን ፈለቀቅሁት። ሽፋኑን የያዙት ክሊፖች አንድ ባንድ ወጡ። አንዷ ግን አቧራና ዝገት ጠጥታ እንደ መዥገር ተጣበቀች።

እህቴ እጇ በኢንሶስላ ቀልቶ ብቅ አለች። «ወንድምዓለም፣ ና እስቲ አንዴ ላናግርህ።»

«እታለም፣ ይቺን ላውጣና!»

ቆይታ ተመልሳ መጣች። «አንተ ጉረኛ፣ ከእኔና ከብረቷ ማን ይበልጥብሃል?»

«ወላሂ መጣሁ! ሐራ ድረስ እንዲሰማልሽ ብዬ እኮ ነው!»

ሳትስቅ ገባች።

ስፒከሩን ገጥሜ ስጨርስ ሚዜዎቹ እሷን ይዘው ወጡ። ቴፑን ለቀቅሁት፤ መርሳ ተንቀጠቀጠች! ሰው ለእኔ አጨበጨበ። እህቴ በመስኮት ወጣ ብላ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ አፏን ታንቀሳቅሳለች። አንዲት ቃል አልሰማሁም። ደስ ይበላት ብዬ «እሺ! እሺ!» እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁ። ፊቷ በራ። መኪናዋ በአቧራ ውስጥ ጠፋች።

በእኛ ወግ ሙሽራ ከወገኗ ወሳጅ ካልመጣላት ወደ እናቷ ቤት አትመለስም። አጎታችን ሊወስዳት ሄዶ ባዶውን መጣ። «ትንሽ ልቆይ አለች» አለን። ባሏን ወዳ ነው ብለን ሳቅን። እኔም ሬዲዮዬን መጎርጎሬን ቀጠልኩ።

መስከረም ላይ ወባ ገደላት። አላህ ይርሐማት።

ለቅሶ ስደርስ አማቷ እጄን ያዙኝ። «ምነው ልጄ፣ ምነው ዘገየህ? አጎትሽ መጥተዋል ሂጂ ብላት እምቢ አለችኝ። ‹ወንድሜን አንተ ራስህ መጥተህ ውሰደኝ ብየው እሺ ብሎኛል› እያለች፣ ጁምዓ በመጣ ቁጥር አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ደጃፍ ትቀመጥ ነበር።»

ያን ሁሉ አፍ ይዤ፣ አልሰማኋትም ነበር ማለት አቃተኝ።