ራዲዮ ተሸካሚውን የገደልኩት እኔ ነኝ

ይህን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእናቴም፣ ለሚስቴም፣ ለነፍስ አባቴም። ለነፍስ አባቴማ እንዴት ብዬ? «አባ፣ መጽሔት ውስጥ ያለ ሰው ገደልኩ» ብላቸው ቀኖና ይሰጡኛል ወይስ ሐኪም ቤት ይልኩኛል? እናንተ ግን ስሙኝ።

ልጅ ሳለሁ እኔና እናቴ እዚህ በስደት አገር፣ ስካይላይን በሚባለው ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ እንኖር ነበር። አንዱን መኝታ ክፍላችንን ጋሽ ወርቁ ተከራይተውታል። ጠዋት ታክሲ ይነዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ እናቴ ሥራ ስትገባ እኔን ይጠብቃሉ። ማንም አላስገደዳቸውም። ምግቤን ያሞቁልኛል፣ አልጋዬን ያነጥፉልኛል፣ ጉንፋን ሲይዘኝ ዝንጅብል ያፈሉልኛል። ያለ አባት ያደግሁ የማይመስለኝ በእሳቸው ምክንያት ነው።

ጋሽ ወርቁ አገር ቤት ወታደር ነበሩ፤ የመገናኛ ራዲዮ ተሸካሚ። እንግሊዝኛ ለታክሲ ያህል ይናገራሉ እንጂ ማንበብ አይሆንላቸውም። በየወሩ የሚወጣ፣ የወታደሮችን ጀብዱ በሥዕል የሚተርክ ኮሚክ ቡክ መግዣ ይሰጡኛል፤ እኔ ደግሞ ሶፋ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ በአማርኛ አነብላቸዋለሁ። ከሁሉም የሚወዱት ራዲዮ ተሸካሚውን ነበር። አንድ ወር ላይ ያ ሰው ቆስሎ ወደቀ፤ ጓዶቹ ጥለውት ወንዙን ሲሻገሩ ታሪኩ ተቋረጠ። ጋሽ ወርቁ እሳቸውም በሽሽት ላይ የቆሰለ ጓደኛቸውን ጥለው እንደመጡ፣ ይሙት ይኑር እስከዛሬ እንደማያውቁ ነገሩኝ። «ይሄኛው እንኳ ቢመለስ» አሉ።

በዚያው ሰሞን ከትምህርት ቤት ፎርፌ ስዞር አይተውኝ ለእናቴ ነገሯት። እናቴም የቪዲዮ ጌሜን ነጠቀችኝ። ቂም ያዝኩ። አዲሱን እትም ገዝቼ ብቻዬን አነበብኩት፤ ራዲዮ ተሸካሚው ወንዙን በዋና ተሻግሮ ጓዶቹ ጋ ደረሰ። መጽሔቱን ፍራሼ ስር ደበቅኩና ጋሽ ወርቁን «ጓደኛዬ ቤት አነበብኩት፤ ሞተ» አልኳቸው። ሞተ አልኩ እኔ። የሚያማቸውን ቦታ አውቄ፣ መርጬ። ልጅ ነበርኩ ልበል? ልጅ እንዲህ አነጣጥሮ ይመታል?

እሳቸው «እሺ» ብለው ምግቤን አሞቁልኝ። ከዚያ ወዲያ አንብብልኝ ብለውኝ አያውቁም።

ባለፈው ወር፣ አሁን በምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከቤቴ አጠገብ ባለው መጽሐፍ መደብር፣ እነዚያ ሁሉ እትሞች በአንድ ዳጎስ ያለ ጥራዝ ታትመው አገኘሁ። ገዛሁና ጋሽ ወርቁ ወደሚኖሩበት፣ እዚሁ አቅራቢያችን ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ነዳሁ። ሶፋቸው ላይ ገጹን ገልጬ «ጋሼ፣ ያኔ ዋሽቼዎት ነበር። አልሞተም» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አስተካከሉ። «አውቃለሁ። አንሶላህን ላውንድሪ ልወስድ ሳነሳ አገኘሁት። ሥዕሉን አይቼ መልሼ አስቀመጥኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ማንበቡ ሰልችቶህ መሰለኝ። ልጁን አላስቸግረው ብዬ ተውኩት።»

አለቀስኩ። ውሸቴን እያወቁ አንድም ቀን አልጋዬን ሳያነጥፉ ውለው አያውቁም፤ ዝንጅብሉም አልቀረም። እንዲህ ያለ ሰው ስለሰጠኝ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፣ ሁልጊዜም አመሰግናለሁ። ለበደሌ ግን ማመካኛ አልፈልግለትም። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት፣ ጣታቸውን ከወንዙ በሚወጣው ሰው ሥዕል ላይ አሳረፉ።

«ምን እንደሚላቸው ግን እስከዛሬ አላወቅሁም» አሉ። «እስቲ አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው። «ውሃው ይበርዳል። ትኩስ ነገር አላችሁ?» ነው የሚለው።

«ይኸው ነው? ጥላችሁኝ ሄዳችሁ አይላቸውም?»

«አይላቸውም፣ ጋሼ።»

«ድገምልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። ይህን አልዋሸሁም፤ ገጹ እዚያው አለ።