የሁለት ሰው አንድ ጋቢ

አባዲ ቤቱ ካዛንቺስ፣ ሥራው ስታዲየም ጥግ ሜዳሊያና ዋንጫ መቅረጽ ነው። ምላሱ ግን ከመቅረጫው የባሰ ስል ነው። የሰፈሩ በረኛ ስድስት ጎል ከገባበት፣ «ኳስ ከመረብ በማውጣት አንደኛ» ብሎ የነሐስ ሜዳሊያ ይሸልመዋል። ሰው ይስቃል፤ ተሸላሚውም ንዴቱ ሲበርድለት ይስቃል።

ሃብተአብ የአስመራ ልጅ ነው። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ዓመታት ሠርተዋል፤ አባዲ ይቀርጻል፣ ሃብተአብ ይወለውላል። ሲዋደዱም ሲሰዳደቡም በትግርኛ ነበር። በ1990 የባድመ ጦርነት ሲነሣ ግን ሆድና ጀርባ ሆኑ። አንዱ ሬዲዮ ሲከፍት ሌላው ተነሥቶ ይወጣል።

አባዲ ዝም ማለት የት ያውቃል! ሁለት ሰዎች አንድ ጋቢ ወዲያና ወዲህ ሲጎትቱ፣ ጋቢው መሐል ለመሐል ተተርትሮ የሁለቱም ገላ ብርድ ላይ ሲወጣ በአንድ ሜዳሊያ ላይ ቀረጸ። የግራውን ሰውዬ አፉን ከፈት፣ ዓይኑን ፈጠጥ አደረገው፤ በልቡ የግራው የእነሃብተአብ ወገን፣ የቀኙ የራሱ ወገን ነው። በጀርባው «ሞኝ የያዘውን አይለቅም» ብሎ ጻፈና ፊት ለፊት ሚስማር ላይ ሰቀለው።

ሃብተአብ ገባ፣ ቀረብ ብሎ አየው፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ራሳችሁን ደህና አድርገህ ሠርተሃል፤ ያ አፉን የከፈተው ቁርጥ አንተን» አለው።

አባዲ እሳት ጎረሰ። ከጎናቸው ሻይ የምትሸጠውን ሸዋአየሁን ጠርቶ «የኛ የትኛው ነው?» አላት።

«እኔ ምኑን ልለየው? መልካቸው አንድ» አለችው። ዋንጫ ሊያሠራ የመጣው አሠልጣኝ ኢብሮ ደግሞ «መንታ ናቸው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

አባዲ ምልክት ሊጨምር መቅረጫውን አነሣ። ጸጉር? ጫማ? አንገት ላይ ማተብ? የትኛውንም ቢያስብ ለሁለቱም የሚሆን ሆነበት። በቃ፣ መቅረጫውን አስቀመጠ። እውነቱን ለመናገር፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሃብተአብ ናፍቆታል፤ ግን ይቅርታ ማለት ለአባዲ ሞት ነው።

ክረምቱ ሳይወጣ የሃብተአብ ስም በግድ ወደ አስመራ ከሚላኩት ዝርዝር ውስጥ ወጣ። ልብሱን ሊወስድ ሱቅ ሲገባ ሊወስዱት የመጡ ሁለት የጸጥታ ሰዎች ደጅ ቆመው ይጠብቁታል። አባዲ አሁን ካልተናገረ መቼም አይናገርም። ሜዳሊያውን ከሚስማሩ አወረደና አንገቱ ላይ አጠለቀለት።

ሃብተአብ ሜዳሊያውን ቁልቁል አየው። «የትኛው ነኝ?» አለ፣ ሳይስቅ።

«የበረደው» አለ አባዲ። «እኔንም በርዶኛል። ይቅር በለኝ፣ ሃብቴ።»

ሃብተአብ አባዲን አቅፎ ሳመው። ሜዳሊያውን ሸሚዙ ውስጥ ከተተና ከሰዎቹ ጋር ሄደ።

በማግሥቱ ኢብሮ ለእንቁጣጣሽ ጨዋታ ያዘዘውን ዋንጫ ሊወስድ መጣ። ተቀርጾ አልቋል፤ የሚወለውለው ግን አልነበረም።