አባት የተመረጠለት በቆሎ

የበቆሎ አበባ ብናኝ እንደ እርጥብ ዱቄት ይሸታል። ያ ሽታ አሁንም አፍንጫዬን ሲነካኝ ነሐሴ ላይ ሐይቁ ዳር ባለችው ማሳችን ውስጥ ያቆመኛል፤ እማ ከፊቴ እየሄደች ቅጠሉን በጣቷ ታሸዋለች፣ ጣቷም ዝገት የነካ መስሎ ይቀላል። በቆሎውን ዋግ መትቶታል።

ኅዳር ሲገባ በቆሎው ተሸልቅቆ ግቢው ውስጥ ይከመርና አባ ከክምሩ ሥር ቁጭ ብሎ ትልልቁን ራስ እየመረጠ ለዘር ያንጠለጥል ነበር። የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያደርገው እንዲሁ ነበር። አገዳው ማሳ ላይ ታሞ ይሁን ደኅና ይሁን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? እናም ወላሂ፣ በሽታውን በገዛ እጃችን ስንዘራው ኖርን።

ዋጉ በጠናበት ዓመት ታላቅ እህቴ መዲና ከጓደኞቿ ጋር ፓስፖርት አወጣች። ማሳው ካልሰጠን ዐረብ አገር መሄዷ ነበር፤ እማ ይህን እያሰበች እህል አልወርድ ይላት ነበር። ከደረቀው መሐል ለምልመው የቆሙትን ጥቂት አገዳዎች የነጠላዋን ጫፍ እየቀደደች አሰረችባቸውና ዘሩን ከእነሱ ብቻ ያዘች። በሚቀጥለው ክረምት ግን ገሚሱ መልሶ ታመመ። እማ ማሳው መሐል ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ያኔ ከወረዳው የመጣች አንዲት ወጣት የግብርና ባለሙያ አጠገቧ ተቀምጣ፣ «እናቲቱን መርጠሻል እትዬ፤ አባትየውንስ?» አለቻት። ከታመሙት አበባ የሚነሳውን ብናኝ ነፋሱ ለጤነኞቹም እንደሚያድላቸው ነገረችንና፣ የታመሙት ብናኛቸውን ሳይለቁ አናታቸው ላይ ያለውን አበባ እንድንቆርጥ አሳየችን። ጎረቤታችን ያን ዓመት ጤፍ ስለዘራ ከውጭ የሚመጣ ብናኝ አልነበረም። አባ አላህ የሰጠውን አበባ መቁረጥ ጨነቀው፣ በቆሎው ባዶ ቆረቆንዳ ይዞ የሚቀር መሰለው። ኋላ ግን መዲናን አየት አደረጋትና፣ «አንድ ክረምት ታገሺኝ ልጄ» ብሎ መቁረጥ ጀመረ።

ኅዳር ላይ አበባቸው የተቆረጠባቸውም ፍሬ ይዘው ተገኙ። አባ፣ አመል መች ይለቃል፣ ከእነዚሁ ከታመሙት ላይ ትልልቁን ራስ ደብቆ አስቀርቶ ኖሯል፤ ሰኔ ላይ ዳር ዳሩን ዘራው። እማ ስትደርስበት ያወረደችበትን የእርግማን መዓት አልናገረውም።

ነሐሴ ደረሰ። እማ ከመሐል ጀምራ ቅጠል እያሸች፣ እያሸች የአባ ዘር ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች። ብዙው ለምልሟል። የታመመች እናት ጤነኛ ልጅ ወልዳለች፣ በአባቱ ወጥቶ! «ሱብሃነላህ» አለች፤ ጣቷን ደጋግማ አየችው፣ አንዳች ቅላት የለበትም። አባም ኩራቱን መሸሸግ አቅቶት ይስቅ ነበር። እኔ የማይታይ ነገር ከአበባ ወደ አበባ በአየር ሲሄድና ሲወረስ በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ። መዲና አልፎ አልፎ የቀሩትን የታመሙ አገዳዎች ፈልጋ አበባቸውን ትቆርጥ ጀመር፤ የሚመጣውን ክረምት እያሰበች እንደሆነ ሁላችንም ገባን።

ዛሬ በቆሎ ማዳቀል እንጀራዬ ሆኗል፤ ከየትኛው እናትና ከየትኛው አባት ምን እንደሚወረስ አስቀድሜ እገምታለሁ። ያኔ ሳላውቅ ተደነቅሁ፣ ዛሬ እያወቅሁም ያው ነኝ። መዲና እዚያው ማሳ ላይ አራት ልጆች አሳድጋለች። አብረዋት ፓስፖርት ካወጡት ጓደኞቿ መካከል ግን እናታቸው እስካሁን በር በሩን የምታይላቸው አሉ።