«ታፍሳለች» ያልኩባት መኪና

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ዓይን ያቃጥላል። ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮት የሚባለው ሁለት ብሎኬት የጎደለበት ቀዳዳ። ጥግ ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ሸሚዛቸውን አውልቀው በካርቶን ያራግባሉ።

«ና፣ እዚህ ይሻልሃል። በዚህ በኩል ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ይበርዳል» አሉኝ። ከደጋ መጥተው ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ብዙ ዘመን ያስተማሩ የአማርኛ መምህር ነበሩ። «በምን መጣህ?»

«በአማርኛ» አልኳቸው።

ሳቁ። እኔ ግን እውነቴን ነበር።

የጎግ ልጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በአማርኛ አይደለም። አማርኛን የለመድኩት ጋራዥ ውስጥ፣ መኪና ሥር ተኝቼ ነው። በዚያው አማርኛ ከደንበኛ ጋር ተጨቃጭቄበታለሁ፣ ሚስት ለምኜበታለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ጸልዬበታለሁ፤ እግዜርም ሚስቴም ገብቷቸዋል። ያን ቀን ዓሣ ልገዛ ባሮ ዳር ወረድኩ። አንዲት ነጭ አሮጌ ፒካፕ መጥታ ሴቶቹ ልብስ ካሰጡበት ድንጋይ በላይ ቆመች። የቀኝ የኋላ ጎማዋ ከውስጥ በኩል በዘይት ርሷል። ዘይቱ ድንጋዩን ይዞ ወደ አንሶላው ይወርዳል። ይህን አይቶ ዝም የሚል መካኒክ ካለ እሱ መካኒክ አይደለም።

«ልብሳችሁን አንሱ! ይቺ መኪና ታፍሳለች!» ብዬ ጮህኩ።

ማለት የነበረብኝ «ታፈሳለች» ነው። ዘይቷን ማለቴ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሰው ታፍሳለች፣ እየለቀመች ትወስዳለች የሚለው ሆነ። ያን ሰሞን ደግሞ ከተማው ውስጥ ከአፈሳ ሌላ ወሬ አልነበረም። ባሮ ዳር የነበረ ጎረምሳ ሁሉ እግሬ አውጪኝ አለ፤ ግማሹ ታንኳ ላይ ዘለለ፣ ግማሹ ከነሱሪው ውሃ ገባ። መኪናዋ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ለካ የመጡት እውነትም ለዚያ ኖሯል! እዚያ የቀረነው እኔና ሴቶቹ ነን። ሴቶቹ ልብሳቸውን እያነሱ ነበር፤ እነሱ ብቻ በትክክል ሰምተውኛል። ሰዎቹ ጎረምሶቹን አስመለጥክ ብለው እኔን ጫኑኝ።

መርማሪው ወጣት፣ ልብሱ የተተኮሰ ሰው ነበር። «መረጃውን ማን ሰጠህ?» ይለኛል ፊቱ በቀረብኩ ቁጥር።

«መረጃ አይደለም ኃላፊ፣ ዘይት ነው። የኋላ አክስሏ ፓራኦሊ አልቋል።» ፓራኦሊ ማለት ዘይቱ ወደ ጎማው እንዳይወጣ የሚይዝ የላስቲክ ቀለበት ነው፤ ይህንንም ነገርኩት። «ሥሯ ገብተው ይዩ» አልኩት።

አልገባም። ልብሱ ያሳዝናል።

መምህር ታሪኩን ሲሰሙ መጀመሪያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ ቀጥሎ ተናደዱ፣ ከዚያ ማስተማር ጀመሩ። «አፍህን ክፈት። ሐኪም ጉሮሮህን እንደሚያይ። ፈ!»

«ፈ።»

«ታፈሳለች።»

«ታፍሳለች።»

«አንተ ሰው፣ በዚህ አያያዝህ እኮ ዕድሜ ልክ ነው የሚፈርዱብህ!»

መኪናዋ ግቢው ውስጥ፣ ከማንጎው ሥር ትቆማለች። በበሩ ስንጥቅ አያታለሁ። ጠዋት ጠዋት ከቀኝ ጎማዋ ሥር አፈሩ ጠቁሮ፣ ረጥቦ አገኘዋለሁ፤ ደስ ይለኛል። እሷ እስካፈሰሰች ድረስ እኔ ዋሾ አይደለሁም። አንድ ቀን አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ያኔ ያምነኛል እያልኩ ነበር የምተኛው። ከዚያች እርጥብ አፈር ሌላ ምስክር አልነበረኝም።

አንድ ጠዋት የመኪናዋ ሾፌር በሩን አስከፍቶ ጠራኝ። «ወንድሜ፣ ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ትስበኛለች። ዘይቱ ፍሬኑ ውስጥ ገብቷል መሰለኝ።» የከተማውን መካኒኮች ጠይቆ ነበር። ሁሉም የሥራ ጓደኞቼ ናቸው፤ ያን ሰሞን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወገባቸውን አሟቸዋል። ፓራኦሊውን ገዝቶ ይዟል። «ነገ መምህሩን ይዘን ወደ ጎሬ እንወጣለን። መንገዱን ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። ጠመዝማዛ ነው፤ ከጎኑ ገደል አለ።

«መርማሪው መጥቶ ይያት፤ ከዚያ እሠራታለሁ» አልኩት። ሄዶ ተመለሰ። «ሥራህን ሥራ ብሏል።»

ገብቼ ለመምህር ነገርኳቸው። ነገ እንደሚወሰዱም ከእኔ ነው የሰሙት። ካርቶናቸውን አስቀመጡ።

«አትንካት» አሉኝ። «ከጠገንካት ምን ታሳያለህ? ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ይፍሰስ።»

«በእሷ የሚሄዱት እኮ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ብሄድም ባልሄድም አርጅቻለሁ።»

«እንዲህ ዓይነት ወሬ አልወድም፣ መምህር» አልኳቸው። ተቆጣሁ፣ እውነት ተቆጣሁ። እሳቸውንም፣ መኪናዋንም፣ አንዲት ፊደል ሰው የምታሳስርበትን አገርም ተቆጣሁ። ተነሥቼ ወጣሁ።

የፊት ጎማዎቿን በድንጋይ አስያዝኩ። በክሪክ አነሣኋት፣ ጎማውን ፈታሁ፣ የፍሬኑን ታምቡር በመዶሻ እያባበልኩ አወጣሁት። ውስጡ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። የፍሬኑ ሸራ ዘይት ጠጥቶ ያብረቀርቃል።

«ይሄ ሸራ አይሆንም» አልኩ። «አዲስ ይገዛ።»

«በቤንዚን እጠበውና ግጠመው» አለ ሾፌሩ።

«አልገጥምም። ሰው ነው የሚጫንባት።»

እስረኛ ሆኜ እንዲህ ስናገር ለራሴም ገረመኝ። ሾፌሩ ጠመንጃ የያዘውን ጠባቂ አየ፣ ጠባቂው እኔን አየ። እሱም አብሮ የሚሄድ ኖሯል መሰለኝ፣ «ይገዛ እንጂ!» አለ። ተገዛ።

አክስሉን ስቤ አወጣሁት። አሮጌው ፓራኦሊ ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል። መቀመጫውን በጨርቅ ጠርጌ፣ አዲሱን ዘይት ቀብቼ፣ እንዳይጣመም ጠፍጣፋ እንጨት ደግፌ ዙሪያውን ቀስ እያልኩ በመዶሻ አስገባሁት። ሁሉን ገጥሜ ስጨርስ ከፍሬኑ መስመር አየር ማስወጣት ቀረኝ። ሾፌሩ መሪው ላይ ወጣ። እኔ ከታች ሆኜ «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» እላለሁ፣ እሱ ይታዘዛል። በዚያ ግቢ ውስጥ ያዘዝኩት ያኔ ብቻ ነው፤ ትንሽ አስረዘምኩት ብል ውሸት አይሆንም።

ከዚያ የረጠበውን አፈር በአካፋ ዝቄ ደረቅ አሸዋ ደፋሁበት። ሾፌሩ አላዘዘኝም፤ ሥራ ስጨርስ የቆምኩበትን ማጽዳት ልማዴ ነው። ምስክሬን በገዛ እጄ ከግንቡ ሥር ወስጄ ጣልኩት።

መርማሪው ይህን ጊዜ ወጣ። እጁን ኪሱ ከቶ፣ የእኔን አነጋገር እያስመሰለ፣ «እህ? አሁንስ ታፍሳለች?» አለኝ። ጠባቂው ሳቀ።

ቀና አልኩ። እጄ እስከ ክርኔ ዘይት ነው። አፌን መምህር እንዳሉኝ ከፈትኩ።

«ዘይት አታፈስም» አልኩት። «ሰው ግን ታፍሳለች።»

ሁለቱንም በየቦታቸው፣ ፊደላቸው ሳይዛነፍ። ከመጋዘኑ በር ኋላ «ጎበዝ!» የሚል ድምፅ መጣ። ጠባቂው ሳቁን አቆመ። መርማሪው ትንሽ አየኝ፤ «ልዩነቱን ታውቀዋለሃ» አለ።

«አሁን አውቃለሁ።»

ከዚያ ወዲያ አፌን አደናቅፎኝ ነው ብል ማን ይሰማኛል? ሲናገሩት አፍ ያረካል፤ ዋጋው ግን ብዙ የእስር ወራት ነው። መምህር በማግሥቱ ሲወጡ ካርቶናቸውን ትተውልኝ ሄዱ።

አሁን ጋራዤ ውስጥ ነኝ። አማርኛህ ተስተካከለ ይሉኛል። ያቺ መኪና ዛሬም በደጄ ታልፋለች። ማን እንደተጫነ ከማየቴ በፊት ዓይኔ የቀኝ የኋላ ጎማዋን ያያል። ደረቅ ነው። ደስ እንዲለኝ አልፈልግም፤ ግን ሥራዬ ነው፣ ደስ ይለኛል። ከዚያ ቀና ብዬ የተጫኑትን አያለሁ።

ከተፈታሁ በኋላ አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። ሰላምታ የለ፣ ማንነት የለ።

«ፍሬኑ ያዘ» አሉኝ። ድምፃቸው ቀጥኗል። «ያን ቀን ወደ ጎሬ ስንሄድ ቁልቁለቱ ላይ ከብት ገባብን። ያዘ።»

ስልኩን ይዤ የደንበኛ መኪና ሥር እንደተኛሁ ቀረሁ።

«አለህ? እስቲ በላት» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ፊደሉንም አውቀዋለሁ። እንባዬ ቀደመኝ።

«ታፈሳለች፣ መምህር» አልኳቸው።