እትዬ ትርንጎ ለፈተና አሽዶድ ወረዱ

ማለዳ፣ ሐዴራ

ሰማዩ ገና ሳይለይለት እትዬ ትርንጎ ከሕንፃቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ነጭ ነጠላ፣ ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ በአንድ እጃቸው የዳቦ ከረጢት፣ በሌላው ጃንጥላ። ወሩ ሐምሌ ነው። እስራኤል ውስጥ ሐምሌ ዝናብ የለም፤ በሐምሌ ጃንጥላ ይዞ የሚወጣ ሰው እሳቸውን ብቻ ነው የማውቀው።

«ለፀሐይ ነው» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

እትዬ ትርንጎ የአባቴ ታናሽ እህት ናቸው። አንድ ልጃቸው ኦሪት አሽዶድ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የጤና ቴክኖሎጂ ትማራለች፤ የምትኖረውም እዚያው ሮቫ ሄ በሚባል ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታ ነው። ዛሬ የመጨረሻ የተግባር ፈተናዋ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በዕድሜ የገፋ አንድ ዘመድ ይዞ ይቀርብና በመስማት መመርመሪያ መሣሪያ ይመረምረዋል፤ የሚታመን ውጤት ካመጣ ያልፋል። አንድ ሆስፒታል ለኦሪት የሥራ ቦታ ይዞላታል። ዛሬ ከወደቀች ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ ፈተናውም እስከሚመጣው ዓመት አይደገምም።

እትዬ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ጃንጥላውን አንቀው የያዙትም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ የመጣሁት ለመንገድ ጓደኝነትና፣ ልማዴ ስለሆነ፣ ያየሁትን ለመጻፍ ነው።

ባቡር ላይ

ጠመንጃቸውን ታቅፈው የሚያንቀላፉ ወታደሮች፣ ስልካቸው ላይ ያጎነበሱ የቢሮ ሰዎች፣ ቡሬካስ የሚባለውን አይብ የተሞላ ዳቦ የሚበላ አንድ ሽማግሌ። የቡሬካሱ ሽታ ሠረገላውን ሞልቶታል። እትዬ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፤ እኔ በግራቸው።

ከኔታንያ እንዳለፍን ኦሪት ደወለች። እትዬ ስልኩን ግራ ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። «እሺ። እሺ። እሺ ልጄ» ብለው ዘጉት።

«ምን አለች?»

«ደህና ነኝ አለች።»

ምክሬን ለመስጠት ጥሩ ጊዜ መሰለኝ። «እትዬ፣ ዛሬ የምትፈተነው ኦሪት እንጂ እርስዎ አይደሉም። ያልሰሙትን ሰማሁ እንዳይሉ።»

«እሺ።»

«ድምፅ ሲሰሙ ብቻ ነው ቁልፉን የሚጫኑት።»

«እሺ፣ እሺ።»

በዘመድ መካከል እትዬ በእሺታቸው የታወቁ ናቸው። ሠርግ ሲባል እሺ፣ ልቅሶ ሲባል እሺ፣ የቤቱ ቀለም ይቀየር ሲባል እሺ። ከእሳቸው ጋር የተጣላ ሰው አላውቅም። ነገሩ ገብቷቸዋል ብዬ ዳቦዬን መብላት ጀመርኩ። ቴል አቪቭ ላይ ባቡር ቀየርን። ከዚያ በኋላ የብርቱካን እርሻ፣ አሸዋ፣ ግንባታቸው ያላለቀ ሕንፃዎች፣ ክሬን፣ ደግሞ አሸዋ።

አሽዶድ

ጣቢያው ከከተማው ጥግ ነው፤ ታክሲ ያዝን። ሾፌሩ ከጆርጂያ የመጣ፣ ወፍራም፣ ነገር የሚወድ ሰው ነው። ያለ ቆጣሪ ዋጋ ጠራልኝ፤ እኔ ቆጣሪውን አሳየሁት፤ ሰው የሞተበት ያህል ተንፍሶ ከፈተው።

«ወደ ሚክላላው ነው?» አለ፣ ኮሌጁን ማለቱ ነው። «እኔም የማሽን ሥራ ልማር እዚያ ገብቼ ነበር። ገና ሳምንት ሳይሞላ ወገቤ እምቢ አለ።»

«አሁንስ ወገብዎ?»

«አሁን ተቀምጬ ነው የምሠራው!» ብሎ መሪውን መታ።

ሰፋፊ መንገዶች፣ አንድ ዓይነት ፎቆች፣ በየሰገነቱ የተሰጣ ልብስ። እትዬ ጃንጥላውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ወደፊት ብቻ ያያሉ።

ረፋድ፣ ኮሌጁ

ኦሪት ነጭ ካፖርቷን ለብሳ በር ላይ ጠበቀችን። የእናቷን ጉልበት ሳመች፤ እኔን ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ተራዋ እስኪደርስ ሕንፃውን አዞረችን።

ምድር ቤቱ የማምረቻ ክፍል ነው። በኮምፒውተር የሚታዘዙ ብረት ቆራጭ ማሽኖች፣ የዘይት ሽታ፣ እንደ ጽጌረዳ የተጠቀለለ የብረት ፍቅፋቂ። መነጽር ያደረገ አንድ ተማሪ ከጠረጴዛው ላይ የቆሎ ፍሬ የሚያክሉ የፕላስቲክ ቅርጾችን አንስቶ አሳየን። የማዳመጫ መሣሪያ የሚገባባቸው የጆሮ ቅርጾች ናቸው። የጤና ተማሪዎች የሰው ጆሮ ለክተው ይልኩላቸዋል፤ እነሱ ያትሙታል። እትዬ አንዱን በሁለት ጣት ይዘው ገልበጥ አድርገው አዩና ቶሎ መለሱለት።

ከማሽኖቹ በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ሙዚቃ ይማሩበታል። ይህን ያቀደው ሰው ሙዚቃ እንደማይወድ ግልጽ ነው። በግራችን ካለው በር ጀርባ አንዲት ልጅ ቫዮሊኗ ላይ አንዲት መስመር ትደጋግማለች፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ትሳሳትና ከመጀመሪያው ትነሳለች።

«ደግ ትምህርት ቤት ነው» አሉ እትዬ። «ጸጥ ያለ።»

ጨዋነት መሰለኝ።

ፈተናው

ሦስተኛው ፎቅ። መምህርቷ ላሪሳ ትባላለች፤ አጭር ፀጉር፣ ራሽያኛ የሚሸት ዕብራይስጥ፣ ፈገግታ የለም። ከክፍሉ ጥግ ድምፅ የማያስገባ፣ መስታወት ያለው ጠባብ ሳጥን አለ። እትዬ ውስጡ ተቀመጡ። ማዳመጫው ጆሯቸው ላይ እንዲገጥም ነጠላቸው ወደ ትከሻቸው ወረደ፤ ገመድ ያለው ቁልፍ እጃቸው ላይ ተሰጣቸው። ኦሪት ከመስታወቱ ውጭ መሣሪያው ፊት ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላዋ።

«ኢማ» አለች እናቷን፣ «ድምፅ ስትሰሚ ተጫኚ። ካልሰማሽ ተይው። ቤሴደር?»

«እሺ።»

እትዬ ተጫኑ። ደግመው ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ነጥቦቹ ከላይ ከላይ ተደረደሩ፤ ይህ የጤነኛ ጆሮ ምልክት ነው።

«በዚህ ዕድሜ!» አለች ላሪሳ። «የኔ ጆሮ እንዲህ አይደለም።» እስክሪብቶዋን አነሳች።

ኦሪት ግን እጇን ከመሣሪያው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ምንም ድምፅ እየላከች አይደለም። እትዬ ልጃቸውን እያዩ፣ ፈገግ ብለው፣ ተጫኑ። አሁንም ተጫኑ።

ዝም ብትል አልፋ ነበር። ከኋላዋ ተቀምጬ ዝም እንድትል መመኘቴን አልደብቅም።

«ሞራ» አለች መምህርቷን፣ «ይኼ ውጤት ልክ አይደለም። ድምፅ ሳልልክ ነው የምትጫነው።»

ላሪሳ እስክሪብቶውን መለሰችው። «እንግዲያው ልክ የሆነውን አምጪ። ውጪ ተራ የሚጠብቁ አሉ።»

ኦሪት የሳጥኑን በር ከፈተች። «ኢማ፣ ለምንድን ነው ዝም ብለሽ የምትጫኚው?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ሰው ፊት ላዋርድሽ? እናቷ ደንቆሮ ናት ይበሉሽ?»

«የሚፈተነው ያንቺ ጆሮ አይደለም! የኔ ሥራ ነው!»

«ይኼን ማን ነገረኝ?»

እኔ ነግሬያቸዋለሁ፤ ያውም ባቡር ላይ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ።

በእኛ ቤት ልጅ መምህር ፊት ስትቀርብ ቤተሰቡ በሙሉ ነው የሚቀርበው፤ እናት ደግሞ በልጇ ቀን ጉድለት አታሳይም። ሁለተኛው ሙከራም ያው ሆነ። እትዬ ራሳቸውን ለመግታት ይጥራሉ፤ ኦሪት ቀና ባለች ቁጥር ግን አውራ ጣታቸው ይወርዳል። ላሪሳ ሰዓቷን አየች። የኦሪት አንገት በላብ ረጠበ።

ከዚያ ኦሪት ተነሳች፤ ቁልፉን ከእናቷ እጅ ወሰደች፤ በሩን ዘጋች፤ ድምፁን ወደ ቀኝ ጆሮ ብቻ አድርጋ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። በዕብራይስጥ «በንግግር እመረምራታለሁ፣ በአማርኛ» አለች። ላሪሳ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ኢማ፣ አርፈሽ አዳምጪኝ። የጎረቤታችን የእነ ዝማም ልጅ መኪና ገዛ አሉ።»

እትዬ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። አንባቢዬ ያውቃታል፤ ሰው ሲያወራን «አዎ፣ ሰምቻለሁ» ለማለት ሳናስበው የምንስባት አጭር ትንፋሽ። ትከሻቸው ከፍ ብሎ ወረደ።

«ምን ሆነች? አመማት?» አለች ላሪሳ ደንግጣ።

«አዎ እያለች ነው» አለች ኦሪት፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል።

የድምፁን መጠን ቀነሰችው። «ቀይ መኪና ነው።» ትንፋሽ። ቀነሰችው። «አባቱ ቀለሙን ጠልቶታል።» ትንፋሽ፣ ከትንሽ ሳቅ ጋር። በጣም ቀነሰችው፤ ቀኝ ጆሮ እስከ ታች ድረስ ተከተላት። ከዚያ ድምፁን ወደ ግራው ጆሮ አዞረችው። «ለሻባት ዶሮ ገዝቻለሁ።» ትንፋሽ የለም። እትዬ በደስታ ፈገግ ብለው «እሺ» አሉ።

ኦሪት ቆም አለች። ድምፁን እዚያው ትታ፣ ቀስ ብላ፣ «ፈርቻለሁ ኢማ» አለች።

«እሺ» አሉ እትዬ። ፈገግታቸው አልተለወጠም።

እንባዬ መጣ። ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ኦሪት በዚያው ጆሮ ድምፁን ደረጃ በደረጃ ከፍ አደረገች፤ እትዬ ያቺን ትንፋሽ እስኪስቡ ድረስ። ብዙ መጨመር ነበረባት። ከዚያ ገብታ እናቷን አቀፈችና ያገኘችውን ነገረቻቸው። እትዬ የተነቃበት ሰው ሳቅ ሳቁ፤ «እንግዲህ ይታወቅ» አሉ። የመጀመሪያውን ምርመራ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ለሰሙት ብቻ እጃቸውን ከፍ እያደረጉ ደገሙት። አሁን ነጥቦቹ ወረዱ፤ በግራ በኩል ወደ ታች አዘቀዘቁ።

ላሪሳ ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀመጠች። ገጠሙ።

«ይኼን እፈርማለሁ» አለች። ፈረመችም። ከዚያ ራሷ ሮዝ ማስቲካ የመሰለ ነገር አለስልሳ በእትዬ ግራ ጆሮ ሞላች፤ ሲደርቅ አውጥታ ለኦሪት ሰጠቻት። «ምድር ቤት ወስደሽ ስጫቸው።»

ከሰዓት፣ ባሕሩ ዳርቻ

ሐብሐብ በላን። ሕፃናት፣ ጃንጥላዎች፣ ከርቀት የወደቡ ክሬኖች። የእትዬ ጃንጥላ እዚህ ቦታውን አገኘ።

«አሁን ሰው ሁሉ ደንቆሮ ሊለኝ ነው» አሉ።

«እስከ ዛሬስ ማን አወቀ?» አልኳቸው።

አልመለሱልኝም። የተቀመጥኩት በግራቸው ነው።

ማምሻ፣ ሐዴራ

ባቡር ላይ በቀኛቸው ተቀመጥኩ። ስለ ሾፌሩ ወገብ፣ ስለ ቫዮሊኗ ልጅ አወራኋቸው፤ ቫዮሊን መኖሩን አልሰሙም ነበር። እሺ የሚሉት ቀንሷል፤ ሁለት ጊዜም ተቃወሙኝ። ያልለመድኩት ነገር ነው።

ሕንፃቸው በር ላይ ስንደርስ ስልካቸው ጠራ። ኦሪት ናት። እንደ ልማዳቸው ወደ ግራ ወሰዱት፤ ቆሙ፤ ጃንጥላውን ለእኔ ሰጥተው ስልኩን ወደ ቀኝ አዞሩት። የምትለውን አልሰማሁም። የሰማሁት የእትዬን ትንፋሽ ነው፤ አንድ፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«ፈርተሽ ነበር?» አሉ። «ታዲያ እዚያው ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ምነው ሳትነግሪኝ ቀረሽ፣ ልጄ?»