ከትሪው ቀድሜ ስነሳ

እኔ ምሳ አልበላም ነበር፤ እውጥ ነበር እንጂ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እነዳለሁ። መናኸሪያው ላይ ተራ እይዝና ከፊቴ ያሉት መኪኖች ሞልተው እስኪወጡ ፒያሳ አጠገብ ወዳለው ቤቴ እበርራለሁ። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ሚኒባሱ እንደ አሸን ፈልቷል፤ ተራህ ካለፈ አለፈ ነው፣ ማን ይሰማሃል? ባለቤቴ ትሪውን ሳታስቀምጥ ቁልፌን እንደያዝኩ በርጩማው ጫፍ ላይ ቁጢጥ እላለሁ፤ በአምስት ደቂቃ አብቅቼ እጄን እታጠባለሁ። የበላሁት ሽሮ ይሁን ምስር ብትጠይቁኝ አላውቅም።

እናቴ በሞተች ጊዜ አባቴን ገራዶ አጠገብ ካለው መንደራቸው አምጥቼ ከኛ ጋር አኖርኳቸው። ጥርሳቸው አልቋል። ቢስሚላህ ብለው ትንሽ ይጎርሳሉ፣ ከዚያ በድዳቸው እያሹ ይቆያሉ። እኔ ስምንቴ ስጎርስ እሳቸው ሁለቴ። እጄን ስሰበስብ እሳቸውም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይሰበስባሉ።

«ኧረ አባባ፣ ምን በሉና?» ትላለች ባለቤቴ።

«ጠግቤያለሁ ልጄ፤ አላህ ይስጥሽ።»

ለብቻቸው ልታቀርብላቸው ሞከረች። «ምን ሆኜ ነው ለብቻዬ የምበላው? በሽተኛ ነኝ?» ብለው ተቆጡ። ማታም ያው ነው፤ ደክሜ እገባለሁ፣ ዋጥ ዋጥ አድርጌ እተኛለሁ።

መንፈቅ ሳይሞላ አባቴ መነመኑ። ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ፈራሁ፤ የእናቴ ሐዘን ገና አልወጣልኝም፣ ደግሞ እሳቸውን ልቀብር ነው አልኩ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ለምርመራ ደም ሰጡ፣ ራጅ ተነሱ፤ ምንም የለም። ሐኪሙ «ምግብ ይበላሉ?» ሲለኝ እንዴት ኮርቼ እንደመለስኩለት! «ከኔ ጋር ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት» አልኩት።

ክረምቱ ሲበረታ የሐረጎ ቁልቁለት ተናደ። ጭቃው አስፋልቱን ዘጋውና ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና ጠፋ። እየተነጫነጭኩ ቤት ገባሁ። የምሮጥበት ስለሌለኝ ጫማዬን አውልቄ በደንብ ተቀመጥኩ። ሽሮ ቀረበ። መንገድ ሥራን እያማረርኩ፣ ወሬው ይዞኝ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ነበር የምጎርሰው። አባቴ ይበላሉ። እኔ እሳደባለሁ፣ እሳቸው ይበላሉ። ባለቤቴ እንጀራ ጨመረች፤ በሉ። ደግማ ስትጨምር ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ያኔ ገባኝ። አባቴን ያስራብኳቸው እኔው ነኝ! በገዛ ቤቴ፣ ከሞላ ትሪ ላይ። በሳቸው ወግ አብሮ የሚበላው ሰው ሲነሳ ትሪ ላይ መቅረት ነውር ነው፤ ይህን ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እጄን አላነሳሁም፤ ካነሳሁ ሊያቆሙ አይደል? ባዶ ጣቴን ወጥ እያስነካሁ እስኪጠግቡ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲያ ቀስ ብሎ መብላት ተማርኩ። ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ጉልበቴ ከሥር እየተርገፈገፈ አላስቀምጥ ይለኝ ነበር። ስንት ተራ አለፈኝ። መናኸሪያ ያሉት «ሚስቱ አስራዋለች» ብለው ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። ውሎ አድሮ አፌ ጣዕም መለየት ጀመረ። ሽሯችን በሶብላ እንዳለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ለካ ባለቤቴ ስንት ዓመት ስትደክም ኖራለች። አባቴ እያኘኩ የትኛው ማሳቸው ምን እህል እንደሚወድ ያወሩኛል። ኮታቸው መልሶ ልካቸው ሆነ።

ያስራብኳቸው ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። አንድ ቀን ምሳ ላይ አላስችል ቢለኝ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ያኔ ይርብዎት ነበር አይደል? ለምን አልነገሩኝም?»

አባቴ አይምሉም። አገሩ ሁሉ ያውቃል። በሬ ሲሸጡ አልማሉም፤ መሬታቸውን ሊነጥቃቸው ከመጣ ሰው ጋር ሽማግሌ ፊት ቆመው እንኳ «ያልኩት ያልኩት ነው» ብለው ዝም አሉ እንጂ ለመሐላ የአላህን ስም አልጠሩም። እጃቸውን ትሪው ላይ አቆሙና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ወላሂ ልጄ፣ አንድም ቀን አልራበኝም» አሉ።