ድፍኑና ስንጥቁ መቅዘፊያ

ስለዚያ ግድብ ሲነሳ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ዘመኑ አልፏል፣ ሰዎቹም ተበታትነዋል፣ ተወው ይሉኛል። አልተውም። እስካሁን በጨዋ ደንብ ዝም ብዬ ኖሬያለሁ፤ ዝምታዬ የጠቀመው ማንን እንደሆነ ሳስብ ደግሞ ይብስብኛል።

በደርግ ዘመን አሰብ ላይ ጠላቂ ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ በሚነጋበት አገር ተወልዶ ባሕር ውስጥ መሥራት ለዘመዶቼ ትልቅ መሳቂያ ነበር። ሥራዬ ግን ቀልድ አልነበረም። የመርከብ ሆድ እፈትሻለሁ፣ የወደቀ ዕቃ ፈልጌ አወጣለሁ። ለዚህ ሥራ እግር ላይ የሚጠለቅ የጎማ መቅዘፊያ አለ፤ የአገሬ ሰው ሲያየው «የዳክዬ እግር» ብሎታል።

ሁለት ጥንድ ነበረኝ። አንዱ ድፍን ነው፤ ሰፊ፣ ደረቅ፣ ከባድ ጎማ። ሌላው ሊጣል የነበረ አሮጌ ሲሆን፣ ጉልበቴ መታመም ሲጀምር አንድ ባልደረባዬ የጎማውን ምላስ፣ ውሃ የሚገፋውን ሰፊ ጫፉን፣ መሃል ለመሃል በቢላዋ ሰንጥቆ ሰጠኝ። በስንጥቁ ውሃው ስለሚያልፍ እግር አይደክምም፤ ቶሎ ቶሎ ወደ ላይና ወደ ታች ስታርገበግበው ይሮጣል። ጠላቂዎች የትኛው ይሻላል እያልን እስክንጣላ እንከራከር ነበር። ክርክሩ ከንቱ ነው፤ መልሱ ያለው ውሃው ዘንድ ነው። ጥርት ባለ ባሕር ረጅም መንገድ ለመሄድ ስንጥቁን የሚያህል የለም። ከሥሩ ጭቃ ያለበት ውሃ ላይ ግን ያ ማርገብገብ ጭቃውን አንስቶ ዓይንህን ያሳውርሃል። እዚያ የሚያዋጣው ድፍኑ ነው፤ እንደ እንቁራሪት እግርህን ወደ ጎን ከፍተህ አንድ ጊዜ ቀስ ብለህ ትገፋለህ፣ ከዚያ ምንም ሳታንቀሳቅስ ትንሳፈፋለህ። ጉልበት ያማል እንጂ ጭቃ አይነሳም።

ያን ዓመት በጉልበቴ ምክንያት የሕመም ፈቃድ ተሰጠኝ። የሠራተኛ ሰፈር ውስጥ ትተኸው የሄድከው ዕቃ ስትመለስ አይገኝምና ሁለቱንም ጥንድ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ፣ በጭነት መኪና ጣርማ በርን ወጥቼ አገሬ ገባሁ። የጠበቀኝ ለቅሶ ነበር።

የአባቴ እህት ልጅ፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ጎረምሳ፣ ግድቡ ውስጥ ሰጥሟል። ግድቡ ገበሬው በዘመቻ ድንጋይ ተሸክሞ የሠራው ነው፤ ሊመረቅ ደግሞ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። አክስቴ ነጠላዋን አገልድማ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ አላለቀሰችም።

«ጎህ ሲቀድ አስጠርተውት ነው የሄደው» አለችኝ። «መሃል ውሃው ላይ በርሜል አስረዋል አሉ። እዚያ ላይ ባንዲራ ተክለህ ና ተብያለሁ ብሎኝ ወጣ። እኔ ነኝ ጋቢውን ያለበስኩት።»

ግድቡን ያሠራው ካድሬ ግን ማንንም አላስጠራሁም አለ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ልጁ ሚሊሻ ልንመለምለው ስንል ፈርቶ ራሱን ውሃ ውስጥ ጣለ ብሎ አስወራ። ጋቢውና ጫማው ዳር ላይ ተጣጥፈው መገኘታቸውን ምስክር አደረገው። ዋና የሚገባ ሰው ልብሱን እንደሚያወልቅ ለማሰብ እንኳ አልደከመም።

ይህ ወሬ ለአክስቴ ሁለተኛ ሞት ነበር። ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት የለውም፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አያርፍም። የደብራችንን ቄስ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ደግ ሰው ነበሩ፣ ግን ፈርተዋል።

«ልጄ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አሉኝ። «አስከሬኑን አላየነው። ራሱን አላጠፋም ብዬ ብምል ማን ይሰማኛል?»

አስከሬኑን ለማግኘት ቀላሉ መንገድ የግድቡን በር ከፍቶ ውሃውን መልቀቅ ነበር። ሽማግሌዎች ለምነው ነበር። ካድሬው «ከበላይ የሚመጡት ጓዶች ባዶ ጉድጓድ ሊመርቁ ነው እንዴ?» ብሎ መለሳቸው። ልጇን አፈር ላልብስ የምትል እናት ዳር ላይ ተቀምጣ እሱ የሚጨነቀው ስለ ውሃው ሙላት ነው።

እኔ እገባለሁ አልኩ። የአየር ጠርሙሱ አሰብ ቀርቷል፤ ያለኝ የውሃ መነጽሬ፣ መቅዘፊያዎቼና ትንፋሼ ብቻ ነው። ለብርዱ ጎረቤቶች የበግ ላት አቅልጠው ሰውነቴን ቀቡኝ። ግድቡ አዲስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ትናንት የታረሰ አፈር ነው። ስለዚህ ጉልበቴ ቢያመኝም ምርጫዬ ድፍኑ ነበር። ሁለቱንም ሣሩ ላይ አውጥቼ ድፍኑን ላጠልቅ ስል ካድሬው ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ደረሰ።

ስንጥቁን በጫማው ጫፍ ገለበጠው። «ይኼን ማን ቀደደው?»

«ለጉልበቴ ሲባል የተሰነጠቀ ነው» አልኩት።

«ጓድ፣ ይህ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው። አንዱን በአሻጥር አበላሽተሃል። ደህነኛውን እንድታበላሽ አንፈቅድልህም።» አንዱ ጠባቂ ድፍኑን አንስቶ ብብቱ ሥር ወሸቀው። «መግባት ካማረህ በቀደድከው ግባ።»

አስረዳሁት። ስለ ጭቃው፣ ስለ እግር አመታቱ፣ ሁሉንም። ያልገባው መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው የገባው ይመስለኛል፤ ጭቃው እንዲነሳ የሚፈልግ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። በዚያች ሰዓት አንገቱን ባንቀው ደስ ባለኝ። ግን ሁለቱ ጠባቂዎች ጠመንጃ ነበራቸው፣ እኔ ደግሞ ላት የተቀባሁ ራቁት ሰው ነበርኩ።

በስንጥቁ ገባሁ። ውሃው አጥንት ይሰብራል። ወረድ ብዬ ገና አንድ ሁለቴ እንደመታሁ ያ ሁሉ አፈር ከሥሬ ተነሳ። እጄን ማየት አቃተኝ። ወጥቼ ውሃው እስኪጠራ እየተንቀጠቀጥኩ ጠበቅኩ፣ ደግሜ ገባሁ፣ ያው ነው። እንደ እንቁራሪት ልግፋ ስል ለሁለት የተከፈለው ምላስ እየተጠማዘዘ ውሃውን ያሾልከዋል፤ ካለሁበት ንቅንቅ አልልም። ካድሬው ዳር ቆሞ ሲጋራውን እያጨሰ «በቃህ?» አለኝ።

አልበቃኝም። ወጣሁና አክስቴን ወስፌና ጅማት እንድታመጣልኝ ጠየቅኳት። ምን ሊያደርግልህ ነው አላለችም። ከቤት ጅምር ሞሰቧ ላይ የተሰካውን ወስፌ ነቅላ፣ ለጭነት ኮርቻ መስፊያ የተቀመጠውን የበሬ ጅማት ይዛ መጣች። እሷ ጎማውን በጉልበቶቿ መሃል ጠምዳ ያዘችልኝ፣ እኔ በወስፌው እየበሳሁ የሁለቱንም ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ሰፋሁት። እንዳይታጠፍ ደግሞ የሸንበቆ ፍላጭ ከኋላው አብሬ ሰፋሁበት። እጄ በብርድ ደንዝዞ ወስፌው ደጋግሞ ወጋኝ። አስቀያሚ ነገር ነበር የሠራነው፣ ግን ድፍን ሆነ። እንዳልገባ የሚከለክልበት ሌላ ምክንያት ካድሬው ሲፈልግ እኔ ውሃው ውስጥ ነበርኩ።

የረጅም ገመድ አንዱን ጫፍ ዳር ላይ ላሉት ወንዶች ሰጥቼ፣ ሌላውን ይዤ ወረድኩ። እግሬን ከፈትኩና ቀስ ብዬ ገፋሁ። ጉልበቴ ውስጥ እሳት የገባ መሰለኝ፤ አፈሩ ግን ካለበት አልተነሳም። አረንጓዴ ብርሃን ውስጥ ተንሳፍፌ ሄድኩ። ትንፋሼ ሲያልቅ እየወጣሁ፣ እየተመለስኩ፣ ከዳሩ ተነስቼ ወደ በርሜሉ አቅጣጫ ፈለግሁ። አገኘሁት። በደረቱ ተደፍቷል። ቀዝቃዛው ውሃ መልኩን አላጠፋውም፤ የአክስቴ ልጅ ነው። ጀርባው ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የብረት ቱቦ ታስሮበታል፤ ቱቦው ላይ ባንዲራው ተጠቅልሏል። ያን ብረት ተሸክሞ ሻርክ ቢሆን እንኳ አይዋኝም። ውሃ ውስጥ መጮህ ቢቻል ጮኼ ነበር። ገመዱን በብብቱ ሥር አዙሬ አሰርኩና ወጥቼ ጎትቱ አልኳቸው።

ወንዶቹ ጎትተው ጭቃው ላይ አወጡት። ሴቶቹ ኡኡ አሉ። ካድሬው ሰውን ገፍቶ ቀድሞ ደረሰ፤ የመጀመሪያ ቃሉም «ባንዲራውን አንሱት፣ ጭቃ እንዳይነካው» የሚል ነበር። ይህን በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁላችንም የምናየው አንድ ነገር ነበር፤ ቱቦውን የያዘው ቋጠሮ በሁለቱ ትከሻዎች መሃል፣ የገዛ እጁ ፈጽሞ በማይደርስበት ቦታ ነው ያለው። ሌላ ሰው ከኋላው ቆሞ አጥብቆ አስሮታል። ካድሬው ጠባቂዎቹን አያቸው፤ ጠባቂዎቹ መሬት መሬት ያያሉ።

አክስቴ ከልጇ ራስጌ ቀና አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ሁላችንም አንቱ ስትለው የኖረች ሴት ናት።

«አንተ ያሰርከውን አንተ ፍታው» አለችው።

ካድሬው ተንበረከከ። ገመዱ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ጥፍሩን እያስገባ ይቆፍራል፣ ቋጠሮው አይላላም። ቢላዋ አምጡ አለ። ቢላዋ ያልያዘ ሰው አልነበረም መቼም፤ የሰጠው ግን አንድም አልተገኘም። እሱ ጭቃው ውስጥ በጉልበቱ ሆኖ ሲታገል ቄሱ በሕዝቡ መሃል አልፈው መጡ፣ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ፣ ቋጠሮው እስኪፈታ ሳይጠብቁ ፍትሐቱን ጀመሩ።